የአማቻችን ሰንጠረዥ እና የአባባ ጣት

በየቤተሰቡ አንድ አለ። ባዶ ሰንጠረዥ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሁለት ስምና ሦስት ቁጥር የተጻፈበት ኤክሴል ሲያገኝ እጅጌውን የሚሰበስብ፣ «ይቺን እኮ የምትነካ ብናደርጋት...» ብሎ ነገር የሚጀምር። እናንተ ቤት ከሌለ ተመስገን በሉ እንጂ አትፎክሩ፤ እህታችሁ ገና አላገባችም ማለት ነው።

የእኛ ቤት ድርሻ የታናሽ እህቴ ባል ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ በልጠውኝ አይደለም፤ እንዲያውም በሰባት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም አንተ ነው የሚሉኝ። ነገር ግን ሰንጠረዥ ፊት ሲቀመጡ የሚላበሱትን ግርማ ያየ ሰው አንተ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ሊቀ ሰንጠረዥ የሚል ማዕረግ ሰጠኋቸው። ቀልድ መሆኑን እያወቁ በደስታ ተቀበሉት፤ አንድ ቀን ስልክ ሲያነሡ «አቤት፣ ሊቀ ሰንጠረዥ ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሥራቸው የአውቶቡስ ስምሪት ነው። የትኛው ሹፌር የትኛውን መኪና ይዞ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ስምሪት ክፍሉ አንድ ትልቅ ደብተር ነበረው፤ ያረፈደ ሹፌር ያረፈደበትን ምክንያት በገዛ ቃሉ ይጽፍበታል። አንዳንዱ አንድ መስመር ጽፎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይሞላል፣ የአማቱን ጠባይ ሳይቀር ያስገባበታል። ሊቀ ሰንጠረዥ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው አይጻፍ፣ ሰው ይምረጥ» አሉ። የሕይወት መመሪያቸው ናት። ደብተሩ ተነሥቶ ኮምፒውተር ተተካ፤ ሹፌሩ አንዲት ሳጥን ሲነካ ወደ ታች የሚዘረጋ ዝርዝር መጣለት፦ ጎማ፣ ነዳጅ፣ መንገድ መዘጋት፣ ጭቅጭቅ፣ ተጨማሪ ተሳፋሪ። ከእነዚህ ከአምስቱ ውጭ ማርፈድ አይቻልም።

አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ሁለት ሰዓት ሙሉ አርፍዶ ገባ። መኪናው ውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት፣ የኋላ ወንበር አስለቅቆ፣ መንገድ ዳር አቁሞ፣ እናትና ልጅን በሰላም ሐኪም ቤት አድርሶ ነው የመጣው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቢያየው ወሊድ የሚል የለም። ቢያስብ ቢያስብ «ተጨማሪ ተሳፋሪ» የሚለውን መረጠ። ሊቀ ሰንጠረዥ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሕፃኑ በመወለዱ እንዳይመስላችሁ፤ ሹፌሩ ከዝርዝሩ ሳይወጣ በመገላገሉ ነው።

ቤታቸውም ከዚህ አልተረፈም። እህቴ የሚገዛውን ነገር የምትመዘግበው ስልኳ ላይ ባለ ሰንጠረዥ ነው። ከሽንኩርቱ ጎን ሁለት ትንንሽ ቀስቶች አሉ፤ አንዷ ቁጥሩን ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ ታደርጋለች። ከአንድ ኪሎ በታች አይወርድም፣ ከአምስት ኪሎ በላይ አይወጣም። እንግዳ በዝቶባት ሰባት ኪሎ ያስፈለጋት ቀን ሰንጠረዡ «ያስገቡት መጠን ከተፈቀደው በላይ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣባት። ስልኳን ይዛ ሳሎን ገባች።

«ስማ እስቲ፣ ሽንኩርት ለመግዛት ከማን ነው ፈቃድ የማወጣው?»

«የኔ ቆንጆ፣ አምስት አስገቢና ከሥሩ ደግሞ ሁለት አስገቢ።»

«ካንተ ጋር ለመኖርስ ስንት ዓመት ነው የተፈቀደው?»

«እሱ ገደብ የለውም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ። እህቴ ሳቀች እንጂ ምን ታድርግ።

እኔንም አልማሩኝም። ለዚህ አምድ የማስባቸውን ርዕሶች የምይዝበት አንድ ተራ ዝርዝር ነበረኝ። አንድ እሑድ ቤቴ መጥተው፣ ሻይ እስካፈላ ድረስ በእያንዳንዱ ርዕስ ፊት «ያስቃል» እና «አያስቅም» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አስገብተውበት ቆዩኝ። ደግነታቸው እኔን ላለማድከም አስቀድመው መርጠውልኛል። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ አያስቅም።

እንግዲህ እኔ በእሳቸው ስቄ፣ እሳቸው በእኔ ሳይስቁ፣ እንዲህ ስንኖር አባባ ታመመ።

አባባ ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ በገዛ እጁ በሠራው ቤት፣ በገዛ እጁ በሠራው አልጋ ላይ እየተኛ ብቻውን ይኖር ነበር። አንድ ጠዋት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ ምላሱ ታሰረ። ሐኪሙ «ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ መናገር ብቻ ነው ያቃታቸው» አለን። ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ሳምንት እንዲቆይ ተወሰነ፤ እኛ አራት ልጆቹም በተራ አጠገቡ ልንሆን ተስማማን። አራት ያልኩት ታላቃችን ወንድም ጋሼ፣ ከእሱ ቀጥላ እታለም፣ ከእሷ ቀጥዬ እኔ፣ መጨረሻ ላይ የሊቀ ሰንጠረዥ ባለቤት ነን።

ተስማማን ስል ተጣላን ማለቴ ነው። ማክሰኞ ሦስታችን ተገናኝተን ረቡዕ አንዳችንም አልሄድንም። ሐሙስ እታለም የሰጠችውን ክኒን እኔ ልደግምለት ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። በማግስቱ ስልካችን ላይ ሰንጠረዥ መጣ።

ቀኑ አለ፣ ተረኛው አለ፣ ክኒኑ አለ። ክኒን ሲሰጥ ራይት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ራይት ሲደረግባት መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ በሰዓቱ ካልተደረገ ቢጫ፣ አንድ ሰዓት ካለፈ ቀይ። ለሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር በጣት የምትገፋ ጉብታ አለች። ተራ መቀየር የፈለገ የሚጫነው ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት «ማንን አስፈቀዱ?» ብሎ ይጠይቃል። ግርጌው ላይ በደማቁ «እዚህ ከሌለ አልተደረገም» ተብሎ ተጽፏል።

ወንድም ጋሼ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው፤ ማዘዝ እንጂ መታዘዝ አለመደም። «አባቴን ላስታምም ብዬ ራይት ላድርግ? ተማሪ ነኝ?» ብሎ ተቆጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ለእታለም ደውሎ «የኔ መስመር አረንጓዴ ነው፤ ያንቺ ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው?» ሲላት አጠገቧ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ስደርስ እሰጠዋለሁ በሚል፣ ራይት አደረግኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ወንድምዓለም፣ ክኒኑን ሰጠሃቸው?» አሉ ሊቀ ሰንጠረዥ።

«ሰጠሁት እንጂ።»

«የት ሆነህ?»

«አልጋው አጠገብ ነዋ።»

«እኔም አልጋው አጠገብ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በታክሲ ክኒን ሰጥቼ አላውቅም።

በአራተኛው ሳምንት እሑድ፣ ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ እያለን፣ ሊቀ ሰንጠረዥ ስልካቸውን ይዘው ሰንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «አንድ ሰው ቀርቷል» አሉ።

«ማን?» አለች እታለም።

«ሁላችንም ገጽ አለን። አባባ የላቸውም።»

በማግስቱ አሮጌ ታብሌታቸውን ይዘው መጡ። የአባባ ገጽ ላይ መዳፍ የሚያካክሉ ቁልፎች ተደርድረዋል፦ ውኃ፣ ትራስ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መስኮት ዝጉ፣ ሬዲዮ፣ አሞኛል፤ ከሁሉም በታች በቀይ፣ «ይህን ሰው አስወጡልኝ»። አንዱ ሲነካ የሁላችንም ስልክ ላይ ይታያል።

«አባባ ከመጋዝ ሌላ መሣሪያ ነክቶ ያውቃል እንዴ?» አለ ወንድም ጋሼ።

«እሱን ራሳቸው ይንገሩን» አሉና ታብሌቱን አባባ ጭን ላይ አኖሩት።

አባባ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት አነሣ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ሳንቃ ሲመርጥ እንደሚያየው፣ ጠጋ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ። ከዚያ ቀዩን ነካው። እርስ በርሳችን ተያየን። ፊት ለፊቱ የቆሙት ሊቀ ሰንጠረዥ ነበሩ። «ሠራ» ብለው ወጡ። ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ።

«አየህ ወንድምዓለም? ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው እኮ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ክፍሉን ተቆጣጠረው። መስኮት ያስከፍታል፣ ያስዘጋል፣ እንደገና ያስከፍታል። ወንድም ጋሼ ስለ ሥራው ማውራት ሲጀምር አባባ ጣቱን ወደ ቀዩ ቁልፍ ጠጋ አድርጎ ይጠብቃል፤ ወንድም ጋሼም ያያትና ወሬውን ያሳጥራል። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልቻለው ነገር ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ሲቃረብ ግን ዋናው ጥያቄ መጣ። አባባ ከሆስፒታል ሲወጣ የት ይግባ? ወንድም ጋሼ «የኔ ቤት ደረጃ የለውም» አለ። እታለም «እኔ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ» አለች። እኔ ቤቴ ለሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑን አነሣሁ፤ አራተኛ ፎቅ መሆኑን አላነሣሁም። ታናሿ እህቴና ባሏ ጠባብ ቤት ስላላቸው ከክርክሩ ወጡ። አልጋው ግርጌ ቆመን ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ አባባ እዚያ እንደሌለ። የእሱ ቤት ይዘጋ፣ መሣሪያዎቹም ለሚፈልግ ይሰጡ ተባባልን። ይህን ያልነው በቤቱ ጌታ ፊት ነው፤ ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል ሊቀ ሰንጠረዥ አባባ ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ጨመሩ፤ «ከዚህ ስወጣ የምገባው» ይላል። ሲነኩት ሦስት ምርጫ ይዘረጋል፦ ትልቁ ልጄ ቤት፣ ትልቋ ልጄ ቤት፣ ትንሹ ልጄ ቤት።

አባባ ነካው። አነበበው። ዘጋው። በማግስቱም እንደዚያው ነካው፣ አነበበው፣ ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ከሦስቱ ምርጫዎች በታች ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ መታ መታ ያደርገው ጀመር። ሰንጠረዡ «እባክዎ ከዝርዝሩ ውስጥ ይምረጡ» አለው። አባባ አሁንም ባዶውን መታ። «እባክዎ ከዝርዝሩ ውስጥ ይምረጡ።»

«ደክሞታል፣ ነገሩ አልገባውም። እኛው እንወስንለት» አለ ወንድም ጋሼ።

አባባ ታብሌቱን ገፍትሮ ወለል ላይ ጣለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እንባው ወደ ጆሮው ሲወርድ አየሁ። ምን እንደፈለገ ግን አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም።

ሊቀ ሰንጠረዥ ጎንበስ ብለው ታብሌቱን አነሡ። ቀዩ ጽሑፍ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነበር፤ በገዛ እጃቸው የጻፉት ጽሑፍ። በሠሩት ነገር ሲያፍሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያጠፉት እሳቸው አይደሉም» አሉ ቀስ ብለው። «ዝርዝሩ ነው ጎዶሎው።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በሁለት ጣት አራተኛ መስመር ጻፉ፤ ታብሌቱንም መልሰው አባባ ጭን ላይ አኖሩት። እጃቸውን ገና ሳያነሡ አባባ ጣቱን አሳረፈ። የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ ድምፅ ሰጠ። «የራሴ ቤት» ይላል።

«ማን ጻፍ አለህ?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ማንም።»

«ወድቆ ቢያድርስ? ኃላፊነቱን ማን ሊወስድ ነው? አንተ?»

ወንድም ጋሼ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በታመመበት ጠዋት አባባን የእንጨት መሥሪያ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘው እሱ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደቆየ አያውቅም፣ እስከ ዛሬም ይህን ማሰብ ይፈራል።

«አጥፋው» አለ።

ሊቀ ሰንጠረዥ ጀርባቸውን ሰጥተውን ታብሌቱን ትንሽ ነካኩና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞሩት። «የራሴ ቤት» ከሚለው አጠገብ የጓጉንቸር ቁልፍ ሥዕል ተቀምጧል።

«ተቆልፏል» አሉ።

«ክፈተዋ።»

«የይለፍ ቃሉን ረሳሁት።»

እኚህ ሰው የመቶ ሃያ አውቶቡስ ታርጋ በቃላቸው የሚያውቁ ናቸው። እህቴ የባሏን ፊት አየች፣ ቀጥላ የጫማዋን ጫፍ አየች። ወንድም ጋሼ ሰንጠረዡን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መሄድ ይችል ነበር፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሲሆን ስንደሰት፣ ቀይ ሲሆን ስንደነግጥ ከርመን፣ እዚያ የሰፈረውን አልሰፈረም የሚል ወኔ ከማናችንም አልወጣም።

«አንድ ወር» አለ ወንድም ጋሼ በመጨረሻ። «ልብ አድርግ፣ አንድ ወር ብቻ።»

አዲሱ የተራ ሰንጠረዥ ሲመጣ፣ አባባ ቤት ከሚታደርባቸው ሰባት ሌሊቶች አራቱ ላይ የሊቀ ሰንጠረዥ ስም ነበረ። ፍራሻቸውን አባባ መሥሪያ ክፍል፣ ሳንቃና መጋዝ መሃል አነጠፉ። ከዚያ እየተነሡ፣ ሸሚዛቸው ላይ ሰጋቱራ እንደተጣበቀ፣ አውቶቡስ ሊያሰማሩ ይሄዱ ነበር። ወንድም ጋሼም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሠራተኞቹን ይዞ መጥቶ ከአልጋው እስከ መሥሪያ ጠረጴዛው ድረስ ግድግዳውን ሁሉ የእጅ መያዣ ብረት አስገጠመለት፤ ጥንካሬውን ለመሞከር እያንዳንዱ ላይ ራሱ ተንጠላጠለ።

ወሩ አለቀ፣ ማንም አላነሣውም። አሁን አምስተኛው ወር ነው። አባባ ብረቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል፤ በግራ እጁ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ሦስት ቃላት ተመልሰውለታል፦ ውኃ፣ በቃ፣ ውጡ። ሦስተኛዋን አጥርቶ ነው የሚላት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተረኛው እኔ ነበርኩ። አባባ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ጭኑ ላይ ገና ያላለቀ የበርጩማ እግር አለ። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ምን አያደርግም፤ ያቺን ገጽ ከፍቼ የጓጉንቸር ቁልፉን ሥዕል በጣቴ ነካ አደረግኩት። ሸርተት ብሎ ከቦታው ሄደ። ደነገጥኩ። ሳጥኑን ነካሁት፤ ዝርዝሩ ተዘረጋ። አራቱም ምርጫዎች ከነሙሉ ክብራቸው ተደርድረዋል። ትልቁ ልጅ ቤት፣ ትልቋ ልጅ ቤት፣ የኔ ቤት። አንዱን መንካት ነበር የሚጠበቅብኝ።

ለካ ተቆልፎ አያውቅም። የይለፍ ቃልም ኖሮት አያውቅም። ሊቀ ሰንጠረዥ ያን ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን ያደረጉት ነገር ቢኖር አንድ ሥዕል መለጠፍ ነው። በዓለም ላይ ያለ ሳጥን ሁሉ ሲነካ እንዲሠራ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው፣ አንዲት የማትሠራ ነገር አስቀምጠው፣ ማናችንም እንዳንሞክራት እየጸለዩ አምስት ወር ኖረዋል። ሳቄ መጣ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ያልኩት ዛሬ ነው።

ዝርዝሩን ዘጋሁት። ሥዕሉን እየገፋሁ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ትንሽ ስለዘመመ አቃናሁት። አባባ ሳይነቃ የወደቀውን ብርጭቆ ወረቀት አነሣሁለትና ሻይ ላፈላ ወጣሁ።

ወንድም ጋሼ ይህን አምድ እንደማያነብ ደጋግሞ ነግሮኛል። ድንገት ያነበበው እንደሆነና «ና ክፈተው» ብሎ ከደወለልኝ፣ የይለፍ ቃሉን እኔም ረስቼዋለሁ።